እኔ ተነሺዋና ጾመኛ ዓሦቼ

ከቤቴ የወጣሁ ዕለት ጠዋት የነበሩት እነዚህ ናቸው። ወንድሜ አያ ደሴ በረቱ በር ላይ፣ አንድ እጁን መቃኑ ላይ አሳርፎ። ሚስቱ ጥሩወርቅ ከእሱ በስተኋላ፣ ድስቶቼ ከተደረደሩበት ጥግ ሳትርቅ። ቄስ አድማሱ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ አሁኑኑ ባርከው ይሸኙኝ ወይስ ዕቃዬን ጭኜ እስክጨርስ ይጠብቁ ግራ ገብቷቸው። ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ የመጣው ባለ ሜትር ወጣት ድንች ተክዬበት በነበረው መደብ መካከል ነበር። ድንቹ አበባ አውጥቶ ስለነበር እንዳይረግጠው እየተጠነቀቀ ይራመዳል፤ በሳምንቱ ዶዘር ለሚገለብጠው ድንች የተደረገ ጥንቃቄ ነው። የአይሱዙው ሹፌር ጎማው አጠገብ። ጎረቤቶቼ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። አጥሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ ስላልነበረ ገብተው ቢቆሙም የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው።

ያለቀሰ ሰው የለም። ጥሩወርቅ ትልቁን ድስት አነሣችና "ይሄ ደግሞ ማርቆስ ላይ ምን ያደርግልሻል እታለም፤ አንድ ራስሽን ነሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ልጅ አልወለድኩም፣ ባሌም ከሞተ ቆይቷል። ድስቱን ተውኩላት።

አያ ደሴ "ካልተመቸሽ እኛ ቤት ከምድጃው ጀርባ ያለችው ጥግ አለችልሽ" አለኝ። ጥግዋን አውቃታለሁ፤ ጥጃ የሚታሰርባት ናት። ጥጃዋ ወዴት እንደምትሄድ አልነገረኝም።

ይህን የምጽፈው ለአገሬ ለሮብ ገበያ ሰዎችና እንደ እኔ ተነሺ ለተባሉ ሁሉ ነው። የስደት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በረሃ ያቋርጣሉ፣ ባሕር ይሻገራሉ። እኔ ከጮቄ ሥር ተነሥቼ ደብረ ማርቆስ ነው የገባሁት፤ መንገዱ ከቁርስ በኋላ ተጀምሮ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። ይሄ ስደት ለመባል አይበቃም የሚለኝ ካለ፣ ከአንዱ ቀበሌ መሸኛ አውጥቶ በሌላው ቀበሌ መታወቂያ ለማግኘት ይሞክርና ከዚያ እንነጋገር።

"ተነሺ" የሚለውን ቃል ያወጣው ሰው የተማረ መሆን አለበት። ሰው ሲሰማው በገዛ ፈቃዴ ከተቀመጥኩበት ብድግ ያልኩ ይመስለዋል። መሬቴ ለመጋዘን ተፈለገ፣ ብድግ አልኩ። ካሳው መሬቱን አያክልም ተብሎ ሲታሰብ አንድ ፕሮጀክት ደግሞ ተጨመረልን፤ አኳፖኒክስ ይባላል። ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ ላይ፣ ያለ አፈር። አፈሬን ወስደው ያለ አፈር ማረስ ሊያስተምሩኝ ማርቆስ አወረዱኝ ማለት ነው። ነገሩ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ነው፤ ምንም አይወጣለትም።

የማርቆሱ ቀበሌ ጸሐፊ ቀና ሳይል ነው የተቀበለኝ።

"መሸኛ?"

"የለኝም።"

"ከለቀቁበት ቀበሌ ያምጡ።"

"ያስለቀቀኝ ቀበሌው ነው።"

"እንግዲያውስ ወረቀቱን መስጠት አይከብደውም።"

ተመለስኩ። የእኛ ቀበሌ ጸሐፊ የማውቀው ነው፤ ክርስትና ሲነሣ ድግሱ ላይ ነበርኩ። አክብሮ ወንበር ሰጠኝ። "እታለም የሺ፣ መሸኛ የሚሰጠው ልልቀቅ ብሎ ላመለከተ ሰው ነው። እርስዎ አላመለከቱም። ተነሺ ነዎት። ለተነሺ ፎርም የለንም" አለኝ።

"አሁን ላመልክታ።"

"አሁንማ ነዋሪያችን አይደሉም።"

ሦስት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። በሦስተኛው የማርቆሱ ሰውዬ ደከመው መሰለኝ "ጊዜያዊ ነዋሪ" የሚል ወረቀት ጽፎ ማኅተም መታልኝ። ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት ነው። ጊዜያዊነቴን በማኅተም ያረጋገጠልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ቀጥሎ ቤት ኪራይ። ወይዘሮ እናኑ የምትባል ሴት ከዋናው ቤቷ ኋላ አንዲት ክፍል ነበራት። ከእኔ በብዙ ታንሳለች፤ እንደ ከተማ ሴት ግን አንቱታዋን ሳታጓድል ነው የምታዋርደው።

"ስንት ሰው ነዎት?"

"አንድ።"

"ይመጣብዎታል?"

"ምን?"

"ዘመድ። ከገጠር። መጀመሪያ ለሕክምና ይላል፤ ከዚያ አይመለስም።"

"ዘመዶቼ ጤነኞች ናቸው።"

"ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣ። ሲመጣ እኔ አስቀድማለሁ። እንጨት አይነድም፣ ግድግዳ ያጠቁራል። ምን ይሠራሉ?"

"ዓሣ ላረባ ነው።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "እዚህ ግቢ ዓሣ አይገባም። ይሸታል" አለችኝ። ዓሣውን ገና አላየሁትም ነበር፤ ሽታው ግን ቀድሞኝ ደርሷል።

ክፍሏ በር ነበራት፣ ቁልፉ ግን ወይዘሮ እናኑ ጋ ነው። ስወጣ ትቆልፍልኛለች፣ ስመለስ ትከፍትልኛለች፤ ዋናው ቤት ውስጥ ከሌለች ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ መቀመጥን የተማርኩት እዚያ ነው።

ማርቆሶች ብርድ አለ ብለው ጋቢ ይደራርባሉ። እኛ አገር እንዲህ ያለው ቀን ልብስ የሚታጠብበት ነው። ሰላምታቸውም አጭር ነው፤ "ሰላም ነው?" ይልሃል፣ መልሱን ሳትጀምር አልፎህ ሄዷል። እኛ ዘንድ ሰላምታ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የታመመውን ሁሉ ጠይቆ ነው የሚያበቃ። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ቤቴ ልጠይቅ እየቆምኩ የብዙ ሰው ጀርባ አየሁ። አንድ ቀን ገበያ ወጥቼ ድንች ስገዛ ሻጭዋ "የሲናን ድንች ነው እማማ፣ እንዲህ ያለ ቀምሰው አያውቁም" አለችኝ። ሲናን የእኔው ወረዳ ናት፤ እንደማላውቅ ሆኜ ገዛሁ።

ሥልጠናው ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። ስምንት ሰልጣኞች ነበርን፣ ሁላችንም ተነሺዎች። ሲመዘግቡኝ አስተባባሪው አቶ ዘላለም የሥራ ልምድ ጠየቀኝ።

"አርባ ዓመት አርሻለሁ።"

"በአኳፖኒክስ?"

"በአፈር።"

"እንግዲያው 'የለም' ብዬ ልሙላው" አለ፣ ሞላው።

ከዚያ ንግግር አደረገልን። ዘመኑ የአፈር አልባ ግብርና ነው፣ ዓለም ወደዚያ እየሄደ ነው አለ። እጁን ወደ ጠጠሩ መደብ ዘርግቶ "ይኸውላችሁ፣ ዙሪያውን ብትፈልጉ አፈር የለም" አለን።

ከአጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ ልሳነወርቅ "እውነትዎን ነው፣ ያፈረ የለም" አሉ።

አቶ ዘላለም የተስማሙለት መስሎት አመሰገናቸው። መሪጌታ ከቁይ በኩል ናቸው፤ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ደጃቸውና ማሳቸው በአንድ ቀን የተለካባቸው ሰው ናቸው። ሲበዛ አራሚ ናቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ "ዓሳ" ይል ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት እርሳስ አውጥተው "ሳ"ውን "ሣ" አደረጉት። የሰው ስሕተት ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ሰውዬው ደስ ይበለው ይከፋው አያዩም። የእሳቸው የዓሣ ታንከርና የእኔ ታንከር ጎን ለጎን ነበሩ።

የምታስተምረን ሰላማዊት ትባላለች። ሜንተር ነው የሚሏት። ዕድሜዋ ከእኔ የትዳር ዘመን ያንሳል። ጎበዝ ናት፤ የተማረችው ግን ላፕቶፕ ላይ ነው። ከባሕር ዳር በኩል የዓሣ ጫጩቶቹ የመጡ ቀን አንዱን መዳፏ ላይ ባስቀምጥላት ጮኻ ጣለችው። ቆሮሶ ነው ዓሣው። ከመሬት አንሥቼ ታንከሩ ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያን ቀን በኋላ እሷ ዓሣ ሲያዝ እኔን ትጠራለች፣ እኔ ደግሞ ፓምፕ ሲበላሽ እሷን እጠራለሁ፤ በዚህ ተግባባን።

ነገሩን ስታስረዳን እንዲህ ነው ያለችው። ዓሣው ይበላል፣ ኩሱን ውሃው ውስጥ ይጥላል። ፓምፑ ያንን ውሃ ወደ ጠጠሩ መደብ ያወጣዋል። ጠጠሩ ላይ ባክቴሪያ የሚባል የማይታይ ነገር አለ፤ እሱ ኩሱን ለተክል ምግብ ያደርገዋል። ሰላጣውና ቆስጣው ምግቡን ይወስዳሉ፣ ውሃው ጠርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ፓምፑ ከቆመ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል። ወደድኩት። ጎተራና ፍግ በአንድ በርሜል ተጠቃለው ማለት ነው። አፈሬን ሳይወስዱብኝ ቢያስተምሩኝ ኖሮ የበለጠ እወደው ነበር።

አሁን ዋናውን ልናገር። ለእያንዳንዳችን መቶ ሃያ ጫጩት ተሰጠን። ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ፣ በርክክቡ ቀን፣ ሃምሳና ከሃምሳ በላይ ሕይወት ያለው ዓሣ ይዞ የተገኘ ሰው የራሱ ማርቢያ ሼድ ይሰጠዋል። ከሼዱ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፣ ለመኖሪያ። ሄጄ አየኋት። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ በርዋ ብረት፤ ቁልፉ ከውስጥም ከውጭም ይሠራል። ከውስጥ ገብቼ ቆለፍኩት፣ ከፈትኩት፣ እንደገና ቆለፍኩት። ሰላማዊት ውጭ ቆማ "እማማ የሺ፣ ተበላሸብዎት?" ስትል ነው የወጣሁት። ከሃምሳ የጎደለበት ሰው ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። እኔ ከጎደለብኝ ምስክር ወረቀት ይዤ ወደ ጥጃዋ ጥግ ነው የምመለሰው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሦቹ ምግብ በጆንያ መጣ። ሽታው ደስ አላለኝም።

"ከምንድን ነው የተሠራ?" አልኳት ሰላማዊትን።

ጆንያው ላይ ያለውን አነበበች። "የደም ዱቄት፣ የአጥንት ዱቄት፣ የዓሣ ዱቄት።"

"በሁዳዴ?"

"እማማ፣ ለዓሦቹ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም።"

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኔ ልፈታው አልችልም፤ ሊቃውንቱም አልፈቱት። እኔን ያስጨነቀኝ ዓሣው ራሱ የሚበላው ነው። ሰላጣው ለጾመኛ ሊሸጥ ነው የታቀደው። ሰላጣው የሚበላው የዓሣውን ኩስ ነው፤ ዓሣው የበላው ደም ነው። ይሄን ጠየቅኋት።

"ባክቴሪያው ይቀይረዋል" አለችኝ።

"ባክቴሪያው ቄስ ነው?"

ወደ መሪጌታ ዞረች፣ የተማረ ሰው ይገላግላታል ብላ። መሪጌታም ፈረዱ። "ጾም የታዘዘው ሰባት ዓመት ለሞላው ሰው ነው። እነዚህ ገና ሦስት ወራቸው ነው፤ ሰውም አይደሉም። ይብሉ" አሉ። ሰልጣኙ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ መመሪያው እንደሚለው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያን ዱቄት ይበትኑላቸው ጀመር።

እኔ አልተከራከርኩም። ግብጦ ገዛሁ። የግብጦን ነገር ለጎጃም ሰው አላስረዳም፤ ቆልቼ፣ ምሬቱ እስኪወጣ ቀናት ውሃ እየቀየርኩ ነክሬ፣ አድርቄ ወቀጥኩት። ወይዘሮ እናኑ ለመንከሪያው ውሃ አባከኑብኝ ብላ አንድ ቀን በሩን ሳትከፍትልኝ አመሸች። የገብስ ዱቄት ቀላቀልኩበትና ለዓሦቼ ሰጠኋቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ እኔም በምበላበት ሰዓት።

ሰላማዊት ስትደርስብኝ ተቆጣች። እኔን መቆጣት ስለማይሆንላት ማስታወሻ ደብተሩን ነው የተቆጣችው። "'የቀኑ ምግብ ብዛት፦ አንድ።' ምን ማለት ነው ይሄ? ሦስት ነው የሚለው።"

"እስከ ዘጠኝ ይጾማሉ።"

"ዓሣ ሃይማኖት የለውም እማማ።"

"ለዚህ ነው እኔ የማስብለት።"

"ይቀጭጫሉ። እኔም እጠየቅበታለሁ።"

መቀጨጭስ ቀጨጩ። የመሪጌታ ዓሦች የእጅ መዳፍ ሲያክሉ የእኔዎቹ ጣት ነበሩ። ሰላጣዬም የደብረ ማርቆስን ሰላምታ መሰለ፤ አጭር። ሌሎቹ ሰልጣኞች "ገዳም" እያሉ ይጠሩት ጀመር ታንከሬን። "ገዳሙ እንዴት አደረ?" ይሉኛል። "በጸሎት" እላቸዋለሁ። ሰላማዊት ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ የውሃ መለኪያዋን ነክራ አውጥታ "ውሃዎ ንጹሕ ነው" አለችኝ፣ እየከፋት። የቀሩት ታንከሮች ግርጌ ላይ ያልተበላ ዱቄት እየሻገተ ነበር። ቆሮሶ የሞቀ አገር ዓሣ ነው፤ ጠዋት በማርቆስ ብርድ አይበላም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ፀሐይ ውሃውን አሙቃው ትቆያለች። ይሄን ያወቅሁት እሷ ስትነግረኝ ነው። እኔ ሳስጾማቸው ብልሃት አስቤ አልነበረም።

መሪጌታ ቤት አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር፤ ለባለቤታቸው ቆስጣ ላደርስ። የሚኖሩት በዘመድ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሚስታቸው ዓይናቸው ጠፍቷል። ከወጥ ቤቷ በር እስከ ሽንት ቤቱ መሪጌታ ገመድ ዘርግተውላቸዋል፤ እሱን ይዘው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። የዘመድ ሚስት ልብስ ልታሰጣበት ገመዱን ወደ ላይ ከፍ ያደረገችው ቀን መንገዱ ጠፍቷቸው ግቢው መሐል ቆመው ነበር የደረስኩት። ቆስጣውን ሰጠሁ፣ ገመዱን ዝቅ አድርጌ አሰርኩና ሄድኩ።

ከርክክቡ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ መብራት ሄደ። ሐሙስ ጠዋት ነው የመጣው። ፓምፑ ሁሉ ቆመ። ሰላማዊት ሮጣ መጥታ ውሃውን በጣሳ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እንድናፈስ ነገረችን፤ አየር እንዲገባው ነው። ስምንታችንም እሷም ጭምር ክንዳችን እስኪዝል ቀዳን። አቶ ዘላለም ስልክ ሲደወልለት ጄኔሬተር በበጀት ዓመቱ እቅድ እንዳልተያዘ ገለጸልን። ሐሙስ ሲነጋ ብዙዎቹ ታንከሮች በነጭ ሆድ ተሸፍነው ነበር። ጄኔሬተር ያለው ወንድም የነበረው አንድ ሰልጣኝ ዓሦቹን አተረፈ። የመሪጌታ ስድስት ቀሩ። የእኔ ዘጠና ስድስት።

ሰላማዊት ደጋግማ ቆጠረቻቸው። "ሆዱ የሞላ ዓሣ ብዙ አየር ይፈልጋል። የእርስዎ ሆዳቸው ባዶ ነበር። ውሃውም ንጹሕ ነበር" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

"መመሪያው ላይ ጻፊዋ።"

"መመሪያው ከውጭ የመጣ ነው። አይነካም።"

አቶ ዘላለም በማግሥቱ መጥቶ ታንከሮቹን ዞረና ፊቱ ጠቆረ። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ወደ እኔ ተጠጋ።

"እማማ የሺ፣ እንግዶቹ ባዶ ታንከር ማየት የለባቸውም። የእርስዎን ለስምንቱም እናካፍል። ለጉብኝቱ ብቻ።"

"ለጊዜው?"

"ለጊዜው።"

"መሬቴንም የለካችሁት ለጊዜው ነበር።"

ሌላ አልጠየቀኝም።

በርክክቡ ዋዜማ፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ግብጦዬን እየበተንኩ ሳለ መሪጌታ ከአጠገቤ ቆሙ። ባልዲ ይዘዋል፤ ከእግራቸው ሥር አስቀመጡት።

"እታለም፣ የእርስዎዎቹ ደህና ናቸው?"

"ይጾማሉ።"

"ስቄብዎት ነበር።"

"ሰምቻለሁ።"

"ፍርዱ ልክ ነበር። ሕጉ ለዓሣ አልተሰጠም።"

"ልክ ነበር።"

ባልዲውን አላነሡትም፣ ወደ ባልዲውም አላዩም። እኔ የሚያስፈልገኝ ሃምሳ ነው፤ ያለኝ ዘጠና ስድስት። ለቀሩት አምስት ሰዎች የሚበቃ አልነበረኝም፤ ለአንድ ሰው ግን ይበቃል። መረቡን አንሥቼ አርባ ስድስት ቆጥሬ ባልዲያቸው ውስጥ ጨመርኩ። መሪጌታ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉና ሄዱ። ለምን እንዳደረግሁት ሰላማዊት ጠየቀችኝ። ምግቡ አይበቃም አልኳት።

ዓርብ ጠዋት ስመጣ አንዱ ዓሣ ከፓምፑ አፍ ላይ ተለጥፎ ሞቶ አገኘሁት። አወጣሁት። ለሰላማዊት አሳየኋት።

መዳፌ ላይ ያለውን አየችና በሩን አየች። "ለማንም አያሳዩ። የምቆጥረው እኔ ነኝ" አለችኝ።

መዳፌን ጨበጥኩ። ዝም ማለት ይሆንልኛል።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። በጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቁልፍ ተደርድሯል። አቶ ዘላለም ቆጠራው ግልጽነት እንዲኖረው ሜንተሯ በመረብ እያወጣች ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ የጎን ታንከር ባለቤት ቆሞ ይመሰክራል አለ። እንግዶቹ ጎረቤት ለጎረቤት የሚለው ነገር ደስ አላቸው፤ ጻፉት።

ባለ ጄኔሬተሩ ቁልፉን ወሰደ። የመሪጌታ ተራ ሆነ። ሰላማዊት ቆጠረች፣ እኔ መሰከርኩ፤ ሃምሳ ሁለት። አቶ ዘላለም እጃቸውን ጨብጦ ቁልፉን ሰጣቸው። መሪጌታ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ አጠበቁት። ከዚያ ሊመሰክሩልኝ ወደ ታንከሬ ዞሩ።

ሰላማዊት መረቡን ነከረች። አንድ፣ ሁለት እያለች ወደ ሳፋው ታገላብጣለች። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከመረቡ ሳይነቅሉ፣ ከንፈራቸው ሥር በግዕዝ ይከተሏታል። እንግዶቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። የመጨረሻው ዓሣ ሳፋው ውስጥ ወደቀ።

"ሃምሳ" አለች ሰላማዊት።

አቶ ዘላለም እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ሦስተኛውን ቁልፍ በሌላው እጁ አነሣ።

"አርብዓ ወተስዐቱ" አሉ መሪጌታ።

"ምን አሉ?"

"አርባ ዘጠኝ ነው።"

"ሃምሳ ነው መሪጌታ" አለች ሰላማዊት፣ ቀስ ብላ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

"አይደለም ልጄ። ሠላሳ ሰባትን ዘለልሽው" አሉ መሪጌታ፤ ተማሪ ሲያርሙ በለመዱት ድምፅ፣ ያለ ክፋት። ከዚያ ቀና አሉ። ሰላማዊትን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳፋውን አዩ። እጃቸው ወደ ነጠላቸው ቋጠሮ ሄዶ እዚያው ቀረ።

አቶ ዘላለም እንግዶቹን ገልመጥ አድርጎ "ይደገም እንዴ ቆጠራው?" አለኝ።

"አያስፈልግም። መሪጌታ አልተሳሳቱም" አልኩት።

ዓሦቹን ከሳፋው ወደ ውሃቸው መለስኳቸው። ነጠላዬን ከጠጠሩ መደብ ጠርዝ ላይ አነሣሁ፤ በታንከሮቹ መካከል አልፌ ወጣሁ።